ሞተር ስታሰሩ ሃይድሮሊክ ታፔት ወይስ ድፍን? ከመምረጥ እስከ መግጠም

ባለፈው ክረምት አንድ የሚኒባስ ባለቤት ሞተሩን አስበትኖ ጋራዣችን ውስጥ ቆሞ ነበር። ጋራዡ ከአቃቂ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከቶርኖ ቤት ተመልሷል። ፋሻው፣ ብሮንዚኑ (ዋናው ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት)፣ ጓርኒሲዮኑ ተገዝቷል። ሰውየው ግን አንድ ነገር ቀረው፤ ቫልቩን የሚገፋው ታፔት። «ታፔቱን ሃይድሮሊክ አድርግልኝ። ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ሰልችቶኛል» አለኝ። ሞተሩ የቶዮታ 5ኤል ናፍጣ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር እኮ ሃይድሮሊክ የሚቀበልበት ቦታ የለውም» ስለው ከልቡ አዘነ። ጓደኛው መኪና ላይ አይቶ ነው የመጣው። የጓደኛው ሞተር ግን ሌላ ነው።

ተቃራኒውም ጥያቄ ይመጣል። «ሃይድሮሊኩን አውጥተህ ድፍን ግጠምልኝ፤ ድፍን ዘይት አይመርጥም ብለውኛል» የሚሉ አሉ። ሁለቱም ጥያቄ ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን አንዱ ከሌላው በደፈናው አይሻልም። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን ቀድሞ የጨረሰው ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው። ለእናንተ የሚቀረው የትኛው እንደሆነ አውቆ በትክክል መግጠም ነው። በእርግጥ መምረጥ የሚቻልባቸው ሞተሮችም አሉ፤ እነሱም ጋ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን እንወቃቸው

ካምሻፍት ወይም ካም ጉብታዎች ያሉት የሚዞር ዘንግ ነው፤ ቫልቭ ደግሞ አየር የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣ በር። ታፔት የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያደርስ ቁራጭ ነው። ፑንተሪያ የሚሉትም አሉ። በአንዳንድ ሞተር ቫልቩ ጫፍ ላይ እንደ ኩባያ ይደፋል። በሌላው ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ ፑሽሮድ በሚባል ረጅም ዘንግ በኩል ቫልቩን የሚጫነውን ሮከር ይገፋል።

ድፍኑ አንድ ወጥ ብረት ነው። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ችግሩ ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ቫልቩ በሙቀት ረዝሞ ታፔቱን ከነካ ግጥም ብሎ አይዘጋም። ስለዚህ ሆን ተብሎ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ከማስገቢያው ይበልጥ ስለሚግል፣ ብዙ ሞተር ላይ የእሱ ክፍተት ይሰፋል። 5ኤል ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የማውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ነው። ላዳ ላይ ሁለቱም 0.15 ናቸው። አይሱዙ 4ጄቢ1 ላይ ሁለቱም 0.40። ሰውየውን ያሰለቸው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሃይድሮሊኩ ክፍተቱን በዘይት ይሞላዋል። ውስጡ ትንሽ ፒስተን አለች። ከሥሯ ሞላ አለ። ዘይት አስገብታ የማትመልስ አንዲት ኳስም አለች። ቫልቩ ዝግ ሳለ ሞላው ፒስተኗን ወደ ላይ ይገፋል፤ ክፍተቱ ይጠፋል፤ ከሥር ያለው ባዶ ቦታ በዘይት ይሞላል። ካሙ መግፋት ሲጀምር ኳሷ ትዘጋለች። የታፈነ ዘይት ስለማይጨመቅ ታፔቱ ለዚያች ቅጽበት እንደ ድፍን ብረት ይሆናል። ጥቂት ዘይት በጎን ያመልጣል፤ ቫልቩ ሲዘጋ ይተካል። በፒስተኗና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚቆጠር ነው፤ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ማስተካከል አይፈልግም። ቆሻሻ ግን አይችልም።

1. ሞተራችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም አረጋግጡ

የቴስታታውን ክዳን ክፈቱ። ሮከሩ ጫፍ ላይ ማስተካከያ ብሎንና ዳዶ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው። ላዳ፣ 4ጄቢ1፣ የድሮው ባለ አራት ሲሊንደር ላንድሮቨር እንዲህ ናቸው። ሮከር ከሌለና ኩባያው ላይ ሺም የሚባል ክብ የብረት ሳህን ከተቀመጠ ይህም ድፍን ነው። 5ኤል፣ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ የሃይሉክሱ 2ኬዲ እዚህ ይመደባሉ። 1ኤንዜድ ቤንዚን ሞተር ላይ ሳህኑም የለም። ክፍተቱ የሚስተካከለው ኩባያውን ራሱን በሌላ ውፍረት በመቀየር ነው። ሳህን ስላጡ ብቻ «ሃይድሮሊክ ነው» ብለው ክፍተቱን ሳይለኩ የገጠሙ መካኒኮች አጋጥመውኛል።

የቶዮታ 3ዋይና 4ዋይ ደግሞ ሃይድሮሊክ ናቸው። ፑሽሮድ አላቸው፤ ሮከራቸው ግን ማስተካከያ ብሎን የለውም። 2ቲአር፣ 2ዜድአር፣ አዲሱ የሃይሉክስ 1ጂዲና 2ጂዲም ሃይድሮሊክ ናቸው። እነሱ ላይ ባለ ሮለር ሮከር አለ፤ አንዱ ጫፉ ትንሽ የሃይድሮሊክ ምሰሶ ላይ ያርፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚህ አገር ሞተር የተቀየረለት መኪና ብዙ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን ብቻ አትመኑ። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር አጥባችሁ አንብቡ። ሌላም አለ፤ የድሮ የአሜሪካ ቪ8 ሞተር ሮከሩ ላይ ዳዶ ኖሮት ታፔቱ ሃይድሮሊክ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን አንዱን ታፔት አውጡ። አናቱ ላይ ቀለበት ካለውና መሃሉን በፑሽሮድ ስትጫኑት ገባ ወጣ የሚል ነገር ካለ ሃይድሮሊክ ነው።

2. በእርግጥ ምርጫ እንዳላችሁ ጠይቁ

የኩባያ ታፔት ያለው ሞተር ባለቤት ይህን ክፍል ማለፍ ይችላል። ቴስታታው የተሠራው ለአንዱ ዓይነት ነው። ለሃይድሮሊክ ኩባያ የሚሆን የዘይት መንገድ የሌለው ቴስታታ ላይ ሃይድሮሊክ አይሠራም።

ምርጫ ያለው በአብዛኛው ባለ ፑሽሮድ ሞተር ላይ ነው። በተለይ ለሁለቱም ዓይነት ካምሻፍት የሚመረትላቸው የድሮ የአሜሪካ ሞተሮች ላይ። እዚያም ቢሆን ታፔት ለብቻው አይመረጥም። ካምሻፍትና ታፔት ባልና ሚስት ናቸው፤ አብረው ይመረጣሉ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ለድፍን የተሠራ ካም ጉብታው ሲጀምር ለስላሳ መነሻ አለው። መጀመሪያ ክፍተቱን ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ ከዚያ ቫልቩን ያነሳል። የሃይድሮሊክ ካም ክፍተት ስለማያውቅ ይህን መነሻ አይፈልግም። ድፍን ታፔት በሃይድሮሊክ ካም ላይ ብትገጥሙና ክፍተት ብትተዉ፣ በእያንዳንዱ ዙር መዶሻ እንደመምታት ይሆናል። ሃይድሮሊክ በድፍን ካም ላይ ከገጠማችሁ ደግሞ ያ ለስላሳ መነሻ ራሱ ቫልቩን ማንሳት ይጀምራል። ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶ ይዘጋል። በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ መጭመቁም ይቀንሳል።

ቀጥሎ ክፍተቱን በምን እንደምታስተካክሉ አስቡ። 4ዋይ ላይ ድፍን ልግጠም የሚል ሰው ብሎን የሌለው ሮከር ይዞ ነው የሚያስበው። ርዝመቱ የሚስተካከል ፑሽሮድ ወይም ሌላ ሮከር፣ ከዚያም ሌላ ካምሻፍት ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ፈልጎ ከማግኘት አንድ ሙሉ የሃይድሮሊክ ስብስብ መግዛት ይቀላል። እኔ 4ዋይን ወደ ድፍን መቀየር አልመክርም።

ስለ ፍጥነት ብዙ ይወራል። ሞተር በጣም ሲፈጥን የቫልቩ ሞላ ካሙን መከተል ያቅተዋል፤ ክፍተት ይፈጠራል፤ ሃይድሮሊኩ ያንን በዘይት ይሞላና ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል። ይህ እውነት ነው። ድፍን የእሽቅድምድም ሰዎች ምርጫ የሆነውም ለዚህ ነው። ከሰበታ ሜክሲኮ ተሳፋሪ ጭኖ ለሚመላለስ መኪና ግን አያሳስብም። ያን ያህል ዙር የትም አይደርስም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዘይት ነው። ዘይቱን በጊዜው የሚቀይረው ማነው? መኪናው በኪራይ ለሹፌር የተሰጠ ከሆነ፣ ባለቤቱም በወር አንዴ የሚያየው ከሆነ፣ ዘይት እየጠቆረ ይቆያል። ያ ጥቁር ዝቃጭ መጀመሪያ የሚዘጋው የሃይድሮሊኩን ጠባብ የዘይት መንገድ ነው። እንዲህ ላለ መኪና፣ ሞተሩ ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነ፣ ድፍን ይሻለዋል። ባለቤቱ ራሱ የሚነዳው፣ ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር፣ ክፍተት የሚለካ መካኒክ ግን በቅርቡ የሌለው ከሆነ ሃይድሮሊክ ያሳርፈዋል። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው።

3. ሲፈታ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

የእንቁላል ትሪ ይዘን ነው ታፔት የምናወጣው። አንዱን ጫፍ በማርከር «ፊት» ብለን እንጽፋለን። እያንዳንዱ ታፔት የወጣበትን ተራ ይዞ ይቀመጣል፤ ሺሙም ፑሽሮዱም አብሮት። ታፔትና የካሙ ጉብታ አብረው ተፈጭተው ተላምደዋል። ቦታ ከተቀያየሩ መላመዱ ይፈርሳል።

ሃይድሮሊክን ለማጠብ ከፈታችሁ ደግሞ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ። የአንዱ ፒስተን ሌላው ቤት ውስጥ ሲገባ የገጠመ ይመስላል። በማይክሮን የተጣመረ ስለሆነ ግን ወይ ያፈሳል ወይ ይነክሳል። በነጭ ጋዝ እጠቡ። በአየር ንፉ። በጨርቅ አትጥረጉ፤ አንዲት የጨርቅ ክር ኳሷ ሥር ከገባች ድካማችሁ ከንቱ ነው።

4. የድሮውን መመለስ ይቻላል ወይ?

ብዙ ገንዘብ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ሮለር የሌለው የፑሽሮድ ታፔት እግሩ ጠፍጣፋ ይመስላል። አይደለም። አዲስ ሳለ መሃሉ በጣም በጥቂቱ ያበጠ ነው። የካሙ ጉብታም በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። በዚህ ምክንያት ታፔቱ ሲገፋ ራሱን ያሽከረክራል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይበላም። እንዲህ ፈትሹት፦ የአንዱን እግር በሌላው ጎን ላይ አስደግፋችሁ ወደ ብርሃን አንሱ። መሃሉ ነክቶ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቂት ብርሃን ካያችሁ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ጎድጉዷል፤ ይጣል። የተቦረቦረ ወይም የተላጠ እግርም ይጣል።

ከዚያ ጉብታዎቹን በማይክሮሜትር ለኩ። እርስ በእርስ አወዳድሩ፤ ከማኑዋሉም ጋር። አንዱ ካነሰ ካሙ አልቋል።

ደንቡ ይህ ነው። ደህና የድሮ ታፔት ደህና ከሆነ የድሮ ካም ላይ፣ የራሱ ቦታ ላይ ይመለሳል። አዲስ ታፔት ደህና የድሮ ካም ላይ ሊገጠም ይችላል። የድሮ ጠፍጣፋ ታፔት አዲስ ካም ላይ ግን በፍጹም አይገጠምም። ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። አንድ 4ዋይ ላይ አዲስ ካም ገጠምኩ። ታፔቶቹ ደህና መሰሉኝና ባለቤቱን ወጪ ላድነው ብዬ መለስኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጉብታ ተበልቶ መኪናው ተመለሰ። ዘይቱ በብረት ብናኝ ያብረቀርቅ ነበር። ብሮንዚኑም ተጎድቷል። ካሙንም ታፔቱንም ብሮንዚኑንም በራሴ ወጪ ተካሁ። ሮለር ያለው ታፔት በዚህ ደንብ አይገዛም፤ ሮለሩ ሳይንገራገጭ በልስላሴ ከዞረ መመለስ ይቻላል።

ሃይድሮሊኩን በተጨማሪ በእጅ ፈትሹ። ዘይት ሞልታችሁ ፒስተኗን በፑሽሮድ ጫኑ። ጠንክራ መቆም አለባት። እንደ ስፖንጅ ከሰጠች አየር አለ፤ ደግማችሁ ሙሉ። ከዚያ በኋላም ከሌሎቹ ፈጥና ከወረደች አልቃለች።

አዲስ ለመግዛት ተክለሃይማኖት ወይም ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። እግሩን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ በብርሃን ፈትሹ። ስምንቱም ከአንድ ካርቶን መሆናቸውን እዩ። የተደባለቀ ስብስብ ከሆነ ተዉት።

5. ቶርኖ ቤት የሠራው ሥራ ታፔቱን እንደሚነካ አትርሱ

ይህን የሚረሳው መካኒክ ብዙ ነው። ቫልቩና መቀመጫው ሲላጥ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጫፉ በዚያው ልክ ወደ ካሙ ይጠጋል። ስለዚህ ድፍን ላይ ክፍተቱ ይጠብባል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። የድሮውን ሺም መልሶ መግጠምና «ፋብሪካው እንዲህ ነበር» ማለት አይሠራም።

ሃይድሮሊክ ላይ ደግሞ ፒስተኗ የምትሄድበት ርቀት የተወሰነ ነው። ቫልቩ ከልክ በላይ ከሰመጠ ፒስተኗ ታች ድረስ ገብታ ታፔቱ ቫልቩን ከፍቶ ይይዛል። አዲስ ሃይድሮሊክ ገጥመው መጭመቅ ያጡ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ የምፈትሸው ይህን ነው። የቫልቩ ዘንግ ጫፍ በጥቂቱ ሊላጥ ይችላል፤ ግን ጠንካራው ቆዳ ስስ ነው። እሱ ካለቀ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይበተናል። ከማኑዋሉ ወሰን ካለፈ መቀመጫውን ወይም ቫልቩን ቀይሩ።

6. ሃይድሮሊክ ከሆነ እንዲህ ግጠሙ

ንጹሕ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ታፔቱን ንከሩ። ዲዛይኑ የሚፈቅድ ከሆነ በቀጭን ሽቦ ኳሷን በጥንቃቄ ተጭናችሁ ፒስተኗን ደጋግማችሁ ግፉ፤ አረፋው እስኪጠፋ። የታፔቱን ጎን በዘይት፣ እግሩንና የካሙን ጉብታ ለሞተር መገጣጠሚያ በሚሸጥ ወፍራም ቅባት ቀቡ።

ሮከሩ ማስተካከያ ከሌለው ማኑዋሉ በሚለው ኃይል አስራችሁ ቆዩ። ሞተሩን ወዲያው አታዙሩ። በዘይት የተሞላው ታፔት ቫልቩን ከፍቶ ይዞት ይሆናል፤ ከሞተሩ ፒስተን ጋር ሊጋጭ ይችላል። እኛ ግማሽ ሰዓት ያህል እንጠብቃለን። ከዚያ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ብለን ሁለት ሙሉ ዙር እናዞራለን። የሆነ ነገር ከያዘ አታስገድዱ።

ማስተካከያ ካለው ታፔቱ በካሙ ክብ ጀርባ ላይ ማረፉን አረጋግጡ። ፑሽሮዱን በጣታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሳችሁ ዳዶውን አጥብቁ። መንቀሳቀሱ ሲያቆም ያ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ ማኑዋሉ እንደሚለው ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ነው። ፒስተኗ መሃል አካባቢ እንድትቀመጥ ነው የሚፈለገው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም መላወሻ ይኖራታል።

7. ድፍን ከሆነ ክፍተቱን በትዕግሥት ለኩ

መጀመሪያ ማኑዋሉ የሚለው በቀዝቃዛ ነው ወይስ በሙቅ? የቶዮታ 22አር በሙቅ ይለካል፤ 0.20 ማስገቢያ፣ 0.30 ማውጫ። 5ኤል በቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ ማለት ሌሊቱን ያደረ ሞተር ነው። ከሥራ መጥቶ ሁለት ሰዓት የቆመ ሞተር ውስጡ ገና ሙቅ ነው። እኛ መኪናውን ማታ ተቀብለን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይነሳ እንለካለን።

የተኩስ ቅደም ተከተላቸው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ለሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ቀላል ዘዴ አለ። አንደኛውን ፒስተን በመጭመቅ ምት ጫፍ አድርሱት። አሁን የ1ና የ2 ማስገቢያ፣ የ1ና የ3 ማውጫ ይለካሉ። ክራንክሻፍቱን (ዋናውን ዘንግ) አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። አሁን የ3ና የ4 ማስገቢያ፣ የ2ና የ4 ማውጫ ይለካሉ። ምልክቱ የጠፋበት ሞተር ከሆነ ደግሞ ድምሩ 5 የሚሆነውን ተጠቀሙ። የ4 ሁለት ቫልቮች አንዱ እየተዘጋ ሌላው መከፈት ሲጀምር 1ን ለኩ። የ3 እንዲያ ሲሆኑ 2ን። የ2 ሲሆኑ 3ን። የ1 ሲሆኑ 4ን።

ፊለር ጌጁ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ሲገባ ቅባት እንደተቀባ ቢላዋ ጥቂት ያዝ እያደረገ መንሸራተት አለበት። ባለ ብሎን ከሆነ ዳዶውን ካሰራችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል።

ባለ ሺም ከሆነ ሒሳቡ ይህ ነው፦ የድሮው ሺም ውፍረት ሲደመር የለካችሁት ክፍተት፣ ሲቀነስ የምትፈልጉት ክፍተት። ለምሳሌ የ5ኤል ማውጫ ላይ 0.30 ለካችሁ። የምትፈልጉት 0.45 ነው። ያለው ሺም 2.80 ነው። 2.80 ሲደመር 0.30 ሲቀነስ 0.45፣ 2.65 ይሆናል። የሺሙን ውፍረት በማይክሮሜትር ለኩ፤ የተጻፈበት ቁጥር በመበላት ሊያሳስት ይችላል። የሚሆን ካጣችሁ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አታስልጡ። የጠነከረው ቆዳ አብሮ ይላጣል።

አሁን ወደዚያ ድምፅ ልመለስ። ተለማማጅ ሳለሁ የሠራሁበት ጋራዥ አንድ ሚኒባስ «ድምፁን አጥፉልኝ» ብሎ መጣ። ወፍራም ሺም ተደረገለት። ድምፁ ጠፋ። ሹፌሩ ደስ ብሎት ሄደ። በጥቂት ወራት ውስጥ አንዱ የማውጫ ቫልቭ ተቃጥሎ ተመለሰ። ቫልቭ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስረክበው ሲዘጋ ነው፤ በመቀመጫው በኩል። ካልተዘጋ እንደጋለ ይቀራል። ጠርዙ ይቆረሳል። ሰፊ ክፍተት ይጮኻል፣ ያስታውቃል። ጠባብ ክፍተት ድምፅ የለውም። ለዚህ ነው ፊለር ጌጅ ሳይነካው ዝም ያለ ድፍን ሞተር የሚያሳስበኝ። ከዓመታት ሥራ በኋላ ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሰምጥ፣ ኩባያ ታፔት ያለው ሞተር ላይ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ እየጠበበ ነው የሚሄደው።

8. የመጀመሪያው ማስነሻ

አዲስ ካምና ጠፍጣፋ ታፔት ከገጠማችሁ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የካሙን ዕድሜ ይወስናሉ። ከማስነሳታችሁ በፊት ውኃው፣ ቤንዚኑ ወይም ናፍጣው፣ ታይሚንጉ፣ ባትሪው ሁሉ ዝግጁ ይሁን። የዘይት ፊልትሮውን ሞልታችሁ ግጠሙ። ሞተሩ ገና እንዳይነሳ አድርጋችሁ በሞተሪኖ አዙሩት፤ የዘይት ግፊት እስኪታይ። ነገር ግን ደጋግማችሁ ለረጅም ጊዜ አታዙሩ፤ ቅባቱን ይጠርገዋል።

ሲነሳ ወዲያው በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር አድርሱት። በሚኒሞ አትተዉት። በዝቅተኛ ዙር ካሙ ላይ የሚረጨው ዘይት ጥቂት ነው፤ የቫልቭ ሞላው ጫና ደግሞ ከባድ ነው። ለ20 ደቂቃ ያህል ዙሩን ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ያዙት። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ ያለ ግፊት የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። የማይዝ ክዳን ይዞ የቆመ መኪና በእነዚህ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል፤ ሥራውም መሃል ላይ ይቋረጣል። ኩባያና ሺም ያለው እንደ 5ኤል ያለ ሞተር ይህን ያህል ጥብቅ ሥርዓት አይፈልግም።

ዘይቱስ? ለጠፍጣፋ ታፔት የሚያስፈልገው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ዘይት ነው። በአዳዲስ ቀጫጭን የቤንዚን ዘይቶች፣ ለምሳሌ 5ደብሊው30 ላይ፣ የፎስፈረሱ መጠን ተገድቧል፤ የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጎዳ። 20ደብሊው50 ላይ ያ ገደብ የለም። ለድሮ ጠፍጣፋ ታፔት ሞተር እኔ 20ደብሊው50 ወይም ጥሩ 15ደብሊው40 የናፍጣ ዘይት እጠቀማለሁ። 2ዜድአርና 1ጂዲን ለመሳሰሉ አዲስ ሃይድሮሊክ ሞተሮች ግን ማኑዋሉ ከሚለው አትውጡ። ድምፅ ለማጥፋት ብላችሁ ወፍራም ዘይት ብትጨምሩ፣ በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ዘይቱ ታፔቱ ጋ ለመድረስ ይዘገያል።

9. ሃይድሮሊኩ ከጮኸ

ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ጮኾ ዝም ካለ ሌሊት ዘይቱ ወርዶ ነው፤ አያስጨንቅም። ረዘም ካለ መጀመሪያ የዘይት ፊልትሮውን ተጠራጠሩ። ርካሽ ፊልትሮ ዘይቱን ወደ ኮፓ (ታችኛው የዘይት ቋት) እንዳይመለስ የምትይዝ ላስቲክ ላይኖረው ይችላል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ላይ ከጮኸ የዘይት ግፊቱን በጌጅ ለኩ። ብሮንዚኑ ሰፍቶ ወይም ፓምፑ ደክሞ ከሆነ አዲስ ታፔት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ፍጥነት ላይ ብቻ ከጮኸ የዘይቱን ልክ እዩ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ክራንክሻፍቱ ሲመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ናፍጣ ላይ የኢንጀክተር ድምፅ ከታፔት ጋር ይመሳሰላል። ረጅም ካቻቢቴ ቴስታታው ላይ አድርጋችሁ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ አስጠጉ፤ የትኛው ሲሊንደር ላይ እንደሆነ ይለያል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። የወጣውን ዘይት በነጭ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ካሙን ክፈቱ። ድፍን ከሆነ በዚሁ ጊዜ ክፍተቱን ደግማችሁ ለኩ። እኛ የእያንዳንዱን ቫልቭ ክፍተት፣ የገባውን ሺም ውፍረትና የተለካበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈን ለባለቤቱ እንሰጣለን። ያ የሚኒባስ ባለቤትም ወረቀቱን ሊብሬው ውስጥ አድርጎታል። በሚቀጥለው ሲመጣ ወይም ሌላ መካኒክ ጋ ሲሄድ የትኛው ቫልቭ ስንት እንደጠበበ ከዚያ ላይ ይነበባል።